ኩሬው ከመቆፈሩ በፊት ውሃው ይለካ

የሰሜን ሸዋ ገበሬ የሚታወቀው በገብሱ፣ በስንዴው፣ በባቄላውና በበጉ ነው። ዓሣ ለአብዛኛው የደጋ ቤተሰብ የሩቅ አገር ምግብ ሆኖ ቆይቷል። ይሁንና ከደብረ ብርሃን ሜዳ አንሥቶ በአንኮበር በኩል ቁልቁል እስከ ዓልዩ አምባ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ምንጭ፣ ጅረትና የክረምት ጎርፍ ሞልቷል። ይህን ውሃ በኩሬ ይዞ ዓሣ ማርባት ለልጆች የሥጋ ምትክ፣ ለጓሮ አትክልት ለም ውሃ፣ ለጾም ወራት ገበያ ደግሞ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

ሥራው ከባድ ጥበብ አይጠይቅም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የአባላት ጉልበት በከንቱ ይፈስሳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል እጅግ ብዙ የቤተሰብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች ተቆፍረው እንደነበር የሚታወስ ነው። ከእነዚህ መካከል ለመስኖ የጠቀሙ አሉ፤ ውሃ ሳይዙ የቀሩና ተደፍነው የጠፉም አሉ። ብዙዎቹን ያበላሸው ነገር የአፈሩ፣ የውሃውና የቦታው ሁኔታ ሳይጠና ዶማ መነሣቱ ነበር። የዓሣ ኩሬም እንዲሁ ነው። ዶማው ከመነሣቱ በፊት የገበሬ ማኅበር መሪዎች መልስ ሊያገኙለት የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በብርዱ ወር የውሃው ሙቀት ስንት ነው? የሚለው ነው።

ከፍታና ሙቀት

ዓሣ እንደ በግ የራሱን የሰውነት ሙቀት ጠብቆ የሚኖር እንስሳ አይደለም። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰውነቱም ይቀዘቅዛል፤ ምግብ መብላቱን ይቀንሳል፤ ማደጉንም ያቆማል። በመሆኑም ለበግ የሚስማማው የደብረ ብርሃን አየር ለዓሣ ሁሉ አይስማማም።

በአገራችን በሰፊው የሚበላው ዓሣ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ በጣም የሚፋፋው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። እንቁላል ለመጣል ከ20 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ይፈልጋል። ውሃው ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን እየተወ ይሄዳል፤ ወደ 11 ወይም 10 ዲግሪ ወርዶ ሲቆይ ይሞታል።

ይህ ቁጥር በሰሜን ሸዋ ምድር ላይ ምን ትርጉም እንዳለው ለመረዳት የአገሪቱን ሐይቆች ማነጻጸር ይበቃል። ቆሮሶ በብዛት የሚገኝበት ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። በደቡብ ወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ያለው ሐይቅ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ወደዚህ ሐይቅ ቆሮሶ ከሌላ ስፍራ መጥቶ የገባው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ተራብቶ የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች መተዳደሪያ ለመሆን በቅቷል። ደብረ ብርሃን ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊት ውርጭ እየጣለ የባቄላውን ቡቃያ የሚያቃጥልበት አገር በመሆኑ፣ በዚያ ሜዳ ላይ በተቆፈረ ኩሬ ቆሮሶ አረባለሁ ማለት የማይሆን ነገር ነው።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አንኮበርም ራሷ ደጋ ናት። ነገር ግን ከአንኮበር ተረተር ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ በጥቂት ሰዓት የእግር ጉዞ ደጋው ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋው ቆላ ይሆናል። 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ያለው የቀወት ምድር ለቆሮሶ የሚስማማ ሙቀት አላቸው። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ገበሬ ማኅበሮች የተለያየ ውሳኔ ማድረግ ይገባቸዋል። አንዱ የሌላውን አይቶ ቢቆፍር ይጎዳል።

መለኪያው ቀላል ነው። አንድ ቴርሞሜትር ተገዝቶ በአካባቢው ካለ ረግቶ የሚቆይ ውሃ ውስጥ ጠዋት ፀሐይ ከመውጣቷ በፊትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ እየተከተተ ይነበባል። ይህም ከጥቅምት እስከ ጥር በየሳምንቱ ተደርጎ በመዝገብ ይጻፋል። የጠዋቱ ንባብ በብርዱ ወራት ሁሉ ከ18 ዲግሪ በላይ ከሆነ ቆሮሶን መሞከር ይቻላል። ከዚያ ከወረደ ሌላ ዓሣ ይታሰባል፤ አለዚያም ውሃው ለመስኖ ይውላል። አንድ ወቅት መለካት የሚያስከትለው ድካም ውሃ የሌለበትን ወይም ዓሣ የሞተበትን ጉድጓድ ቆሞ ከመመልከት እጅግ ያነሰ ነው። መጥኖ ሳይደቁሱ ድስት ጥዶ ማልቀስ እንደማይበጅ የአገራችን ሰው ቀድሞ ተናግሯል።

የትኛው ዓሣ ለየትኛው ውሃ

ለሞቃቱ ቆላ ቆሮሶና አምባዛ ተመራጭ ናቸው። አምባዛ ጢማምና ቅርፊት የሌለው ዓሣ ሲሆን፣ አየር ከውሃው በላይ መሳብ ስለሚችል ጭቃማ ውሃንም ይታገሣል። ሌሎች ትናንሽ ዓሦችን የሚበላ በመሆኑም ከዚህ በታች የሚገለጽ ልዩ ጥቅም አለው።

ለወይና ደጋው ካርፕ የሚባለው ዓሣ ሊታሰብ ይችላል። ካርፕ በረዶ በሚጥልባቸው የኤውሮጳና የእስያ አገሮች ክረምቱን በኩሬ ውስጥ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ውሃው 18 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ እንቁላሉን በሣር ላይ ያጣብቃል። በአገራችን በቆቃና በዝዋይ ሐይቆች ይገኛል። ይሁን እንጂ ብርድ መቻልና በብርድ ማደግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መሪዎች ለአባላት ሊያስረዱ ይገባል። በቀዝቃዛ ውሃ ካርፕ በሕይወት ይቆያል እንጂ በስድስት ወር ለገበያ አይደርስም።

ለብርድ የተፈጠረ ትራውት የሚባል ዓሣም አለ። ይህ ዓሣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ገብቷል፤ እስከ ዛሬም እዚያ ይገኛል። ነገር ግን ትራውት ዘወትር የሚወርድ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ፣ እንዲሁም ከሥጋና ከዓሣ ዱቄት የሚዘጋጅ ውድ መኖ ስለሚፈልግ ለጀማሪ ማኅበር አይመከርም።

የኩሬው አሠራር

ለመጀመሪያ ሙከራ 100 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 20 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ኩሬ ይበቃል። ጥልቀቱ ውሃ በሚገባበት በኩል 80 ሳንቲ ሜትር፣ በሚወጣበት በኩል 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ወለሉ ተዳፋት ስለሚኖረው ውሃውን በሙሉ አፍስሶ ዓሣውን ለመሰብሰብ ያመቻል።

አፈሩ ውሃ የሚይዝ መሆኑን ለማወቅ ከ1 ሜትር ጥልቀት የወጣ አፈር በውሃ ይለወስና እንደ ኳስ ይድቦለቦላል። ወደ ላይ ተወርውሮ በእጅ ሲቀለብ ካልፈረሰ ሸክላነት ያለው አፈር ነው። በሰሜን ሸዋ በብዙ ስፍራ የሚገኘው ጥቁር አፈር ውሃ ይይዛል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ኩሬው በበጋ ባዶውን እንዲቀር መተው አይገባም።

ውሃው የሚገባበትና የሚወጣበት ቱቦ በወንፊት ይሸፈናል። ወንፊቱ የዱር ዓሣና የእንቁራሪት እንቁላል እንዳይገባ፣ የተረባው ዓሣም እንዳይወጣ ይከላከላል። ከኩሬው በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ አንድ ሌሊት ቢገባ የዓመት ልፋት ይዞ ይሄዳልና።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የሕፃናት ጉዳይ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ያልታጠረ ኩሬ ለልጅና ለጥጃ ወጥመድ ነው። አጥሩ ሳይታጠር ውሃ እንዳይገባ ማኅበሩ አስቀድሞ ሊወስን ይገባል። በቆላው ደግሞ የወባ ትንኝ በኩሬው ዳር በሚበቅለው ሣር መካከል ስለምትራባ ዳርቻው በየጊዜው ይታጨድ።

ውሃው ሳይዘጋጅ ዓሣ አይገባም

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኩሬው በሞላ ማግስት ዓሣ ይጨምራሉ፤ ዓሣውም በራብ ወይም በመርዝ ይሞታል። አዲስ ውሃ ባዶ ማሳ ማለት ነው፤ ሳይታረስና ሳይዳብር አይዘራበትም።

አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ውሃ ከመግባቱ በፊት ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም የግብርና ኖራ በወለሉ ላይ ይበተናል። ውሃው ከገባ በኋላ በሳምንት 10 ኪሎ ያህል የከብት እበት፣ የዶሮ ኩስ ከሆነም ከዚያ ያነሰ፣ በአንድ ማዕዘን በተከለለ ስፍራ ይጨመራል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተክል ሲሆን፣ ለቆሮሶ ዋና ምግቡ ነው።

ልኩን ለማወቅ ክንድ እስከ ክርን ድረስ ውሃው ውስጥ ይገባል። መዳፉ ቁልጭ ብሎ ከታየ ማዳበሪያ ይጨመራል። መዳፉ ሲጠፋ ልኩ ደርሷል። እጁ ገና ጥቂት ጠልቆ ከተሰወረ ግን ውሃው ከመጠን በላይ ዳብሯል፤ እበት መጨመር ይቁም። ዓሦቹ በማለዳ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ሲጎርሱ ከታዩ ሌሊት ኦክስጅን አልቋል ማለት ስለሆነ መኖም እበትም ተቋርጦ አዲስ ውሃ ወዲያውኑ ይለቀቅ።

ውሃን አስቀድሞ የማዘጋጀት ሕግ በትንሽ ዕቃም ቢሆን አይለወጥም። በሩቅ ምሥራቅ፣ በኤውሮጳና በአሜሪካ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ሽሪምፕ የሚባሉ፣ የሸርጣን ዘመድ የሆኑ ትናንሽ የወንዝ እንስሳትን ለደስታቸው የሚያረቡ ሰዎች አሉ። እንስሳቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይረዝማሉ። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ገንዳውን ሞልተው፣ ተክል ተክለው፣ እንስሳ ሳያስገቡ ከአንድ ወር በላይ ይጠብቃሉ። ከእንስሳ ፈሳሽና ከምግብ ትራፊ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ ይህን መርዝ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ጊዜ ይፈጃል። ያልታገሠው ሰው እንስሳቱን በሳምንት ውስጥ ያጣቸዋል። በባልዲ የሚለካው ውሃ ይህን ያህል ትዕግሥት ከጠየቀ፣ የማኅበር ገንዘብ የፈሰሰበት ኩሬ የበለጠ ሊጠይቅ ይገባል።

ጫጩቶቹ የሚመጡት ከታወቀ ማራቢያ፣ ለምሳሌ ሰበታ ካለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም ከባሕር ዳሩ ማዕከል ጋር በግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል በመነጋገር ነው። ሲጓጓዙ ጠዋት በብርድ ቢሆን ይመረጣል። ሲደርሱ የያዛቸው ከረጢት ሳይፈታ ኩሬው ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይንሳፈፍ። ከዚያ የኩሬው ውሃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ዓሦቹ ራሳቸው እየዋኙ ይውጡ። ከቀዝቃዛ ውሃ ወደ ሙቅ፣ ከሙቅም ወደ ቀዝቃዛ በድንገት የተወረወረ ዓሣ ይሞታል።

መራባት ከመጠን ሲያልፍ

በቀዝቃዛ ውሃ ችግሩ አለመራባት ሲሆን፣ በሙቅ ውሃ ችግሩ ከመጠን በላይ መራባት ነው። የቆሮሶ እናት የተዳቀለውን እንቁላል በአፏ ውስጥ ትይዛለች። እንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላም ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ በአፏ ትጠብቃቸዋለች። ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ በዚህም ጊዜ እናቲቱ እምብዛም አትበላም። ይህ ጥበቃ ብዙዎቹን ጫጩቶች በሕይወት ያቆያል። ቆሮሶ ገና ሦስት ወይም አራት ወር ሲሆነው መራባት ይጀምራል፤ ውሃው ከሞቀም በየወሩ ተኩል ገደማ ይደጋግማል።

ውጤቱን በስሌት ማየት ይቻላል። በ100 ካሬ ሜትር ኩሬ፣ በካሬ ሜትር ሁለት ተብሎ 200 ጫጩቶች ቢገቡ፣ ከእነዚህም 160 ቢተርፉና እያንዳንዱ 200 ግራም ቢደርስ 32 ኪሎ ዓሣ ይገኛል። ነገር ግን እነዚህ ዓሦች በመካከሉ ወልደው በሺህ የሚቆጠሩ ጫጩቶች ያንኑ ምግብ ከተሻሙ፣ ኩሬው ሲፈስ የሚገኘው የጣት ያህል የሆነ፣ ገበያ የማያነሣው ዓሣ ብዛት ነው። በሬ እንደበዛበት ግጦሽ ሁሉም ከሲታ ይሆናል።

ለዚህ ሁለት ቀላል መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው ወንዱን ከሴቷ መለየት ነው። ዓሣው ከ30 እስከ 50 ግራም ሲደርስ ተገልብጦ በሆዱ በኩል ወደ ጅራቱ ሲታይ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላት። ወንዱ ፈጥኖ ስለሚያድግ ለማደለቢያ ኩሬ ወንዶቹ ብቻ ይመረጣሉ። ዓይኑ የሠላ አንድ ወጣት ከባለሙያ ጋር ግማሽ ቀን ቢውል ይህን ይማራል። ሁለተኛው መፍትሔ ቆሮሶዎቹ ገብተው ማደግ ከጀመሩ በኋላ ለአሥር ቆሮሶ አንድ ትንሽ አምባዛ መጨመር ነው። አምባዛው የሚወለዱትን ጫጩቶች እየለቀመ ይበላል፤ እርሱም ይደልባል። አምባዛዎቹ ሲገቡ ከቆሮሶዎቹ ያነሱ መሆናቸው ግን ይረጋገጥ፤ አለዚያ ዋናውን ከብት ይጨርሱታል።

መኖው ከቤት አይጠፋም። ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የደረቀ አተላና የእንጀራ ፍርፋሪ ተደባልቆ ይሰጣል። ልኩ በመጀመሪያ ላይ ከዓሦቹ ጠቅላላ ክብደት ከመቶ አምስት እጅ ነው። 20 ግራም የሚመዝኑ 200 ጫጩቶች በድምሩ 4 ኪሎ ስለሚሆኑ የቀን ምግባቸው 200 ግራም፣ ማለትም ሁለት ጭብጥ ያህል ነው። ዓሦቹ ሲያድጉ ከመቶ የሚታሰበው እጅ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተበላ መኖ በስብሶ ውሃውን ስለሚያበላሽ ከልክ በላይ መስጠት ደግነት አይደለም።

ስለ ሽሪምፕና ስለ እንግዳ ዝርያ

በከተማ የሽሪምፕን ውድነት የሰሙ ወጣቶች እርሱን እናርባ ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። መልሱ በቅን ሊነገራቸው ይገባል። ለመብል የሚረባው ትልቁ የወንዝ ሽሪምፕ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ እንስሳ ሲሆን፣ 28 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ይፈልጋል። ጫጩቶቹም ጨው በተቀላቀለበት ውሃ ካልሆነ አያድጉም። ይህ ምሥጢር በማሌዥያ የታወቀው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የሚረባው በልዩ ማፈልፈያ ጣቢያ ነው። ለሰሜን ሸዋ ማኅበር የሚሆን ሥራ አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው የመስታወት ገንዳ ሽሪምፕ እናቱ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ እንቁላሎችን ከሆዷ ሥር ታቅፋ የምታስፈለፍል ስትሆን፣ ለትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት ማስተማሪያ ታምራለች እንጂ ለማዕድ አትቀርብም።

ከሁሉም በላይ ከውጭ የመጣን የውሃ እንስሳ ወደ ወንዝ መልቀቅ አይገባም። በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካ የመጣ ቀይ ክሬይፊሽ፣ የሸርጣን ዘመድ የሆነ እንስሳ፣ ለገበያ ተብሎ ተለቀቀ። በኋላ ተራብቶ የሐይቁን የውሃ ተክል አወደመ። በእኛም አገር ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሰሜን ሸዋ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውሃ የሚለያይበት ተረተር ነው። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ከአንኮበር ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ነው። የጣና ቆሮሶና የአዋሽ ቆሮሶ ንዑስ ዝርያቸው የተለያየ እንደሆነ ተመራማሪዎች ለይተዋል። የአንዱን ጫጩት ወደ ሌላው መውሰድ ዘሩን ማደባለቅ ስለሆነ፣ ጫጩት የሚያመጣ ማኅበር ከየት እንደመጣ መጠየቅና መመዝገብ አለበት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ይህ ሀብት በሥርዓት እንዲያዝ ነው።

የማኅበሩ ድርሻ

ኩሬ የጋራ ሲሆን የማንም እንዳይሆን ያሠጋል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አራት ነገሮች በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፉ። አንደኛ፣ በየቀኑ የሚመግበውና ውሃውን የሚያየው ሰው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ለመስኖ የሚለቀቀው ውሃ ስንት ነው፤ ለዓሣው ሊቀር የሚገባው ጥልቀትስ ስንት ነው? በመጋቢትና በሚያዝያ ውሃ ሲያንስ ጠብ የሚነሣው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ምርቱ ሲደርስ ለአባላት ቤት የሚሄደውና ለገበያ የሚሸጠው እንዴት ይከፈላል? ዓሣ ሕፃናትን የሚያፋፋ ምግብ በመሆኑ ሁሉም ተሽጦ ልጆች ሳይቀምሱት ቢቀር የሥራው ግማሽ ጥቅም ይቀራል። አራተኛ፣ ወጪ፣ ገቢ፣ የውሃ ሙቀትና የሞተ ዓሣ የሚጻፍበት መዝገብ ማን ይይዛል?

ምርቱ የሚሰበሰበው በማለዳ ነው። ዓሣ ቶሎ የሚበላሽ በመሆኑ በዚያው ጠዋት ሆዱ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ከፀሐይ ተከልሎ ለገዢ መድረስ ይገባዋል። ገዢ ሳይታወቅ ኩሬ ማፍሰስ አይበጅም። ከኩሬው የሚወጣው ውሃም አይጣልም፤ የሽንኩርትና የጎመን መደብ ቢጠጣው ማዳበሪያ ነው።

የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በዞኑ ውስጥ የሚገኙ በመሆናቸው የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጥያቄያቸውን ይዘው መቅረብ ይችላሉ። ሆኖም ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠይቃቸው የአካባቢያቸውን የውሃ ሙቀት፣ የአፈሩን ዓይነትና በበጋ የሚቀረውን የውሃ መጠን ስለሆነ፣ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጽፎ የሚሄድ መሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል። መጪው የብርድ ወራት ለመለካት አመቺ ጊዜ ነው። ቴርሞሜትሩና ደብተሩ ይቅደሙ፤ ዶማው በኋላ ይደርሳል።